ክረምትና የመስሚያው ድምፅ

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ በቀዶ ጥገና የተተከለ መስሚያ አላት። ክረምት ከገባ ወዲህ ከጆሮዋ ጀርባ የምታደርገው መሣሪያ ድምፁ ይቆራረጣል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ እርጥበቱን ይጠርጥሩ። ማታ ስትተኛ አውልቀው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ባትሪውን አውጥተው፣ መሣሪያውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያሳድሩት። አደራ፣ ምድጃ ዳር አይሁን!

ባትሪው በአየር የሚሠራው የዚንክ ዓይነት ከሆነ አብሮ አይድረቅ፤ ዕድሜው ያጥራል። አዲሱን ሲጠቀሙ ተለጣፊውን ልጠው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ዝናብ ፈርተው በላስቲክ ከጠቀለሉትም አየር አጥቶ ይዳከማል፤ ጃንጥላ ይሻላል።

ከዚህ በኋላም ከተቆራረጠ ከመሣሪያው ተነሥቶ ጭንቅላቷ ላይ ወደሚጣበቀው ማግኔት የሚሄደውን ገመድ በመለዋወጫው ቀይረው ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እሱ ነው።