ቪ3 ፓኬጅ ለየትኛው ላፕቶፕ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ኡቡንቱ 25.10 የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ ፓኬጁን (ፕሮግራሞቹን) ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ወደተዘጋጀው ቪ3 አዞረው፣ «ፈጠነልኝ» ይላል። ዲስኩን አውሶኝ አንድ ደንበኛ ያመጣው ኮር አይ 5፣ 2ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ላይ ብሰካው ገና ሲነሳ የስህተት ጽሑፍ ደርድሮ ቀጥ አለ። ዲስኩ ነው ላፕቶፑ የተበላሸው? ለሌሎች ደንበኞችስ ቪ3 ልጫንላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ያልተግባቡት ፓኬጁና ፕሮሰሰሩ ናቸው።

የተለመደው የ64 ቢት ፓኬጅ የሚዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኤምዲ ካወጣው ኦፕቴሮን ጀምሮ ሁሉም በሚያውቁት ትዕዛዝ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው አንዱን ዲስክ ነቅለህ ሌላው ላይ ስትሰካው ዝም ብሎ የሚነሳው። በ2020 ግን ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ሬድ ሃትና ሱሴ ተስማምተው ፕሮሰሰሮችን በሚያውቁት ትዕዛዝ መጠን ከቪ1 እስከ ቪ4 በአራት ደረጃ ከፈሏቸው። ቪ3 ኤቪኤክስ2 የሚባሉትን፣ ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰሉ ትዕዛዞች ይፈልጋል፣ ኢንቴል ደግሞ እነሱን ያመጣው በ2013፣ በ4ኛው ጄኔሬሽን ነው። የደንበኛህ ላፕቶፕ የመጀመሪያው ኤቪኤክስ አለው፣ ሁለተኛው የለውም። ስለዚህ ቪ2 ላይ ቀርቷል።

ጄኔሬሽን ብቻ አይተህም አትመን። 6ኛ ጄኔሬሽን የሆኑ ፔንቲየምና ሴለሮን ጭራሽ ኤቪኤክስ የላቸውም (ሻጩ «አዲስ ነው» ቢልህም!)። ተርሚናል ላይ ኤልኤስሲፒዩ (lscpu) የሚለውን ትዕዛዝ ስጥና ዝርዝሩ ውስጥ ኤቪኤክስ2 (avx2) መኖሩን እይ። እሱ ከሌለ ቪ3ን እርሳው።

ፍጥነቱስ? እውነቱን ለመናገር ብዙም አይደለም። የኡቡንቱ ሰዎች ራሳቸው አብዛኛው ፓኬጅ ላይ 1 በመቶ ገደማ ነው ያሉት፣ ስሌት የሚበዛባቸው ላይ ትንሽ ይሻላል። ምክንያቱም ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነ ኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮና ድምፅ የሚቀይረው ፕሮግራም) ድሮም ቢሆን ሲነሱ ፕሮሰሰሩን አይተው የሚስማማውን ኮድ ይመርጣሉ፤ ጂሊብሲም (አብዛኛው የሊኑክስ ፕሮግራም የሚጋራው መሠረታዊ ላይብረሪ) ሜሞሪ ሲገለብጥ እንደዚያው ነው። ጓደኛህ ፈጠነልኝ ያለው አዲስ ሲስተም ስለጫነ ይመስለኛል፣ የቆየውን ጠርገህ ስትጭን መቼም መፍጠኑ አይቀርም።

እኔ የምወደው ሌላውን መንገድ ነው። ጂሊብሲ ከ2.33 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ የአንድን ላይብረሪ ተራ ቅጂና የቪ3 ቅጂ ጎን ለጎን በተለያየ ፎልደር ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ማሽኑ ከቻለ ቪ3ን ያነሳል፣ ካልቻለ ተራውን። ዲስኩን የትም ብትወስደው ችግር የለም። ኦፕንሱሴ ተምብልዊድ የሚባለው ሊኑክስ በዚህ ነው የሚሠራው። ዲስክ እያዘዋወረ ለሚሠራ እንዳንተ ላለ ጠጋኝ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለዚያ ላፕቶፕ ተራውን ኡቡንቱ ጫንለት፣ ዲስኩንም ለጓደኛህ መልስለት። ደንበኛው የሬድ ሃት ዓይነት ሊኑክስ ነው የምፈልገው ካለ 10ኛው ስሪት ቪ3 ስለሚጠይቅ አትድከም፣ 9ኛው በቪ2 ይሄዳል። የግድ 10 ካለ ደግሞ ከሬድ ሃት ጋር የሚመሳሰለው አልማሊኑክስ ለቪ2 ለብቻው ያዘጋጀው አለ።