ስንት ጥበብ እናስተምራቸው? በክረምት ካምፕ ሕፃናትን ለምታስተምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት መምህርት፣ ወላጆቻቸው ለሥዕል ትምህርት የሚከፍሉት ገንዘብ ለሌላቸው ሕፃናት የእስያን ጥበባት የሚያስተዋውቅ የክረምት ካምፕ ልታዘጋጅ መሆኗን ገልጻ፣ «በ10 ቀን ውስጥ የስንት አገር ጥበብ ማስተማር ይቻላል?» ስትል ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ለማንም ሳልናገር የኖርሁትን አንድ ጠዋት ቀሰቀሰብኝ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ ያለ ካምፕ አስተባብሬ ነበር። በመርሐ ግብሬ መሠረት ሰኞ የቻይና የብሩሽ ጽሕፈት፣ ማክሰኞ የጃፓን የወረቀት እጥፋት፣ ረቡዕ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት የጃቫ ባቲክ፣ ማለትም በሰም ንድፍ ተሥሎበት የሚነከር ጨርቅ፣ ሐሙስ ኮላም የተባለው የደቡብ ሕንድ የደጃፍ ንድፍ ይሰጥና፣ ዓርብ ለጋሾች የሚጋበዙበት ዐውደ ርእይ ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የቀለም መፍጫ ድንጋይና ጣት የሚያህል ደረቅ ቀለም ሰጠሁ። ይህ ቀለም ከጥላሸትና ከእንስሳ ቆዳ ከሚወጣ ሙጫ ተለውሶ የደረቀ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ ይደረግና ቀለሙን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሳይጫኑ፣ በዝግታ እያዞሩ ይፈጩታል። መጀመሪያ ላይ ድንጋዩ ይንቋቋል፤ ቀለሙ እየወፈረ ሲሄድ ድምፁ እየለዘበ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ የመደብሁት 10 ደቂቃ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ ግን ሌሎቹ ጽፈው ወረቀታቸውን ሲያደርቁ እርሱ ገና እየፈጨ ነበር። ጆሮውን ወደ ድንጋዩ አስጠግቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ ያቆማል፤ አንድ ጠብታ ይጨምራል፤ እንደገና ይጀምራል። እኔም ጠጋ ብዬ ድንጋዩን ከፊቱ አነሣሁና በጠርሙስ የመጣ ቀለም በሳሕን ቀድቼ፣ ብሩሹን አስጨብጬ፣ እጁን በእጄ ይዤ «ዮንግ» የተባለውን ፊደል አጻፍሁት። ትርጉሙ «ዘላለም» የሆነው ይህ ፊደል ስምንቱን መሠረታዊ የብሩሽ ጭረቶች ስለሚይዝ የጀማሪዎች መለማመጃ ነው፤ ለዐውደ ርእዩም ያማረ መስሎኝ ነበር። ልጁ «ገና አልጠቆረም ነበር» አለኝ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ማግሥቱን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ዓርብ ዕለት እንግዶቹ ፊደሉን ሲያደንቁ ከሥሩ ቆሜ አመሰገንሁ።

የቀረው በእኔ ምክንያት ነው ብዬ አልደመድምም፤ እንዲህ ካሉ ቤተሰቦች የሚመጡ ልጆች ታናናሾቻቸውን ለመጠበቅም፣ የመጓጓዣ ገንዘብ በማጣትም ይቀራሉ። እኔን የሚቆጨኝ ማንንም አለመጠየቄ ነው። ቀለም መፍጨት ለብሩሽ ጽሕፈት ሊቃውንት ሐሳባቸውን የሚሰበስቡበት የሥራው ክፍል መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያ ሕፃን ያለ አስተማሪ የደረሰበትን እኔ ከእጁ ነጠቅሁት።

ኮላምንም ከመርሐ ግብሩ ላወጣው ነበር። በታሚል ናዱ ሴቶች ማለዳ በደጃፋቸው በሩዝ ዱቄት የሚሥሉት ይህ ንድፍ ቀኑን ሙሉ ሲረገጥ ውሎ ይጠፋል፤ ለግድግዳ የሚሰቀል ነገር የለውም። የሥራ ባልደረባዬ አጥብቃ ስለ ተከራከረች በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቆየ፤ ልጆቹም አስቀድመው በመሬት ላይ የደረደሯቸውን ነጥቦች በመስመር እየዞሩ በጣታቸው መካከል ዱቄቱን ሲያፈስሱ እንደዚያ ዝም ያሉበትን ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ አላየሁም።

ስለ ገንዘብ አሰባሰብና ስለ ሕፃናት ደኅንነት አልጽፍላችሁም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች የልጆቹን ስም በመጀመሪያው ቀን አጥንታችሁ ስለምትመጡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ ማንሣታችሁ እኔ ለዐውደ ርእዩ ከነበረኝ ጥድፊያ እምብዛም አይለይም። «የእስያ ጥበብ» የሚለውንም ስም በጥንቃቄ ያዙት፤ በጃቫ ሰም በጨርቅ ላይ የምታፈስስ ሴትና በቻይና ብሩሽ የያዘ ሰው የሚጋሩት ትምህርት ጥቂት ነው።

ልጆችን አታጣድፉ ካልሁ በኋላ ይህን ማለቴ ቀድሞ ያልሁትን ያፈርስ ይሆናል፤ ባቲክ ላይ ግን ማጣደፍ ግድ ነው። የጋለው ሰም ቻንቲንግ በተባለችው ትንሽ የመዳብ መቅጃ ውስጥ ቶሎ ይቀዘቅዝና አፏን ይዘጋል፤ ልጁ ካመነታ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ የትኛው ሥራ መጠበቅ፣ የትኛው መፍጠን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ በእጃችሁ ሞክራችሁ እወቁ። አንድ ልጅ ከቀረም በዚያኑ ዕለት ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለጠየቀችኝ ወጣት «ሁለት» ብዬ መለስሁላት፤ አምስት ቀን ለቀለሙ፣ አምስት ቀን ለባቲኩ። በጠርሙስ የተሞላውን ቀለም ግን ጭራሽ ይዛ እንዳትሄድ ለምኜአታለሁ።