መልስ፦ በግብፅ ባል «አልፈታም» ሲል

«ባሌ አልፈታም ካለኝ መፋታት እችላለሁ?» ላልሽው፦ አዎ፣ የባልሽን በደል ማስረዳት ባትችዪም፣ እሱም እምቢ ቢል፣ ፍርድ ቤት በኹልዕ (ሚስት የገንዘብ መብቷን ትታ በምትጠይቀው ፍቺ) ይፈታሻል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 1፣ አንቀጽ 20 የባልን ፈቃድ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ለቤተሰብ ክርክር አስታራቂ ቢሮ አመልክቺ፤ በ15 ቀን ካልተስማማችሁ ክስ ትከፍቻለሽ። የተቀበልሽውን መህር (ባል ለጋብቻው የሰጠሽን ጥሎሽ) ትመልሻለሽ፤ ያልተከፈለሽን ቀሪ መህርና የዒዳ (ከፍቺ በኋላ ያለው የመጠበቂያ ጊዜ) ቀለብም ታጫለሽ። ከዚያ «ከእሱ ጋር መኖር ጠልቻለሁ፤ የአላህን ወሰን እንዳልጥስ እሰጋለሁ» ብለሽ በግልጽ መናገር ግድ ነው። ልጅ ካላችሁ ዳኛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ዕርቅ ይሞክራል፤ በመሃሉ ከ30 እስከ 60 ቀን ነው። ፍርዱ ይግባኝ የለውም።

አደራ፣ «ልጆቹን ተዪና ልፍታሽ» ካለሽ እንዳትፈርሚ! ልጅ የማሳደግ መብትና የልጅ ቀለብ የኹልዕ ዋጋ ሊሆኑ አይችሉም። የኒካሕ (የጋብቻ) ውሉንም አትጣዪ፤ ባል «ከተጻፈው በላይ መህር ሰጥቻለሁ» ሲል መልስ የምትሰጪው በውሉ ነው።