ጥያቄና መልስ፦ የሮማውያን የወለል ሞዛይክ፣ ወፎቹና ሐረጎቹ

ጋሽ ደሳለኝ እስራኤል ውስጥ በጥንታዊ ሞዛይክ (ትንንሽ ባለቀለም ጠጠር ተደርድሮ የሚሠራ ሥዕል) ጥገና የሚሠሩ አባላችን ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ሎድ ነው የምኖረው። የኛ ከተማ ሞዛይክ ምኑ ይለያል?

ደሳለኝ፦ ጎሽ፣ ከቤትሽ ጀመርሽ! በ1996 ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር ተገኘ። የተሠራው በ300 ገደማ ነው። ወፍ፣ ዓሣ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ መርከብ ሁሉ አለበት፤ ሰው ግን አንድም የለም። ለኔ ትልቁ ጉድ ከሥሩ ያለው ነው። በ2009 ለጥገና ሲነሳ፣ ኖራው ላይ የሠራተኞቹ የእግር ዱካ ታትሞ ተገኘ። ባዶ እግርም አለ፣ ጫማም አለ። ኖራው ሳይደርቅ ረግጠውት ነው። ወለሉን ይህን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ያ ኖራ ነው። ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ አሠራሩን ጽፎልናል፦ ከታች ጡጫ የሚያህል ድንጋይ፣ በላዩ ተደብድቦ የተጠቀጠቀ ጠጠርና ኖራ፣ ከዚያ ሦስት እጅ የሸክላ ስባሪ በአንድ እጅ ኖራ። ስለዚህ ሲሚንቶ አታስነኩት! ድሮ ሞዛይክ እያነሱ ብረት ባለው ኮንክሪት ላይ ይለጥፉ ነበር። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ወለሉን ይሰነጥቀዋል።

ያሬድ፦ ሮማውያን ወፍ ለምን ይወዳሉ?

ደሳለኝ፦ የት ያሉት? በየትኛው ዘመን? አጥብበህ ጠይቅ።

ማርታ፦ ከሁሉም የሚበልጥብዎት የቱ ነው?

ደሳለኝ፦ ርግቦቹ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ጴርጋሞኑ የሞዛይክ ሠሪ ሶሶስ ሥራ ሲጽፍ፣ አንዷ ርግብ ውሃ ስትጠጣ የጭንቅላቷ ጥላ ውሃውን ያጠቁረዋል ይላል። ሌሎቹ ዕቃው ጠርዝ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ላባቸውን ያበጥራሉ። የዚያ ሥራ ቅጂ የሚባለው በ1737 ሮም አጠገብ ካለችው ቲቮሊ፣ ከንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ቪላ ወጣ። አሁን ሮም፣ ካፒቶሊኒ ሙዚየም ነው። ጠጠሮቹ የጥቂት ሚሊሜትር ናቸው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ብሩሽ የነካው ነው የሚመስለው።

ቤቲ፦ ተክሎቹስ?

ደሳለኝ፦ ወይን፣ አካንቱስ (ቅጠሉ ትልቅና ጥርሳም የሆነ ተክል)፣ የሐረግ ጌጥ። ዕፅዋት የሚያውቅ ይመልስልሽ።

ኪሩቤል፦ ጣዎስ ካለበት ቤተ ክርስቲያን ነበር ማለት ነው። የትንሣኤ ምልክት ናት።

ሀና፦ ኧረ አይደለም! ከክርስትና በፊትም የሮማውያን አምላክ የዩኖ ወፍ ነበረች።

ኪሩቤል፦ የአባ ገሪማ ወንጌል ላይ ያሉት ወፎችስ?

ደሳለኝ፦ የብራናውን ሌላ ጊዜ። ወፍ አይታችሁ የቤቱን ሃይማኖት አትፍረዱ። ቂሳርያ 120 ክብ፣ በየክቡ አንድ ወፍ ያለበት ወለል አለ። ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የባለጠጋ ቤት ነው፣ ያውም በክርስቲያኑ የምሥራቅ ሮም መንግሥት፣ በቢዛንታይን ዘመን።

ቤቲ፦ ሰማያዊውን ከየት አመጡት?

ደሳለኝ፦ ከመስታወት። ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ቶሎ የሚፈረፈረውም መስታወቱ ነው። ቀለሙ ይድመቅ ብላችሁ ውሃ እንዳታፈሱ! ውሃው ጨው ያሟሟል። ሲደርቅ ጨዉ ይጠጥርና ጠጠሩን ይፈነቅላል።

ዳዊት፦ ጓሮዬ ውስጥ ቁራጭ ሞዛይክ ወጣ። በሲሚንቶ ላጣብቀው?

ደሳለኝ፦ ከላይ ያልኩትን አላነበብክም? ሲሚንቶ የለም፣ ውሃ የለም። በአፈር መልሰህ ሸፍነውና ለቅርስ ባለሥልጣን ደውል። እስራኤል ከሆንክ ማሳወቅ የሕግ ግዴታህ ነው። ዛሬውኑ ደውል።