«ብሉት እንጂ አትሽጡት»፦ ስለ ዓሣ፣ ስለ ትንሽ ጀልባና ስለ መብት የአንባቢያን ጥያቄዎች

በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ፣ በቫንኩቨር ደሴት ስለሚኖሩትና በትናንሽ ጀልባዎቻቸው ዓሣ አጥምደው የመሸጥ መብት ስለሚጠይቁት የኑ-ቻ-ኑልት ነባር ሕዝቦች ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አንዳንዱ የቁጣ ነው፣ አንዳንዱ የመገረም። ተደጋግመው የመጡትን መርጬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ነባሮቹ ሕዝቦች ለምግባቸው ዓሣ እንዳያጠምዱ የከለከላቸው የለም። ታዲያ ለመሸጥ ካልተፈቀደልን የሚሉት ለምንድን ነው?» (ከቫንኩቨር)

መልስ፦ ዓሣ አጥማጅ ነዳጅ ይገዛል፣ መረቡን ይጠግናል፣ ለልጁ ደብተርና ጫማ ያሟላል። ባለሱቁ ደግሞ ክፍያውን በዓሣ አይቀበልም። የካናዳ ሕግ ግን ለምግብ፣ ለማኅበራዊ ኑሮና ለባህላዊ ሥርዓት የሚጠመደውን ዓሣ ለገበያ ከሚቀርበው ለይቶ ነው የሚያየው። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነባር ሕዝብ ተወላጅ በሆኑት በሮናልድ ስፓሮው ጉዳይ ለምግብ የማጥመድን መብት አጸና። ዶሮቲ ቫን ደር ፒት የተባሉ የስቶሎ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ግን 10 ሳልመን በ50 ዶላር ሸጡ ተብለው ተከሰሱ፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረውም በ1996 ተረቱ። 10 ዓሣ! ባልቴት ከጓሮዋ ቆርጣ ገበያ ከምታወጣው ጎመን የማይበልጥ ነገር ነው።

በዚያ ፍርድ የተቀመጠው መለኪያ ንግዱ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት የሕዝቡ ባህል ዋነኛ አካል ነበር ወይ የሚል ነው። ከኑ-ቻ-ኑልት አምስቱ፣ ማለትም አሃውዛት፣ ኤሃቴሳት፣ ሄስኪያት፣ ሞዋቻት/ሙቻላትና ትላ-ኦ-ኪ-አት፣ ይህን መለኪያ አልፈዋል። አያቶቻቸው ከዝግባ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ነበር። ጄምስ ኩክ በ1778 ኑትካ ወሽመጥ ሲደርስም ያገኘው መገበያየትን የኖሩበት ሰዎች ነው።

ጥያቄ፦ «ከተፈረደላቸው ክርክሩ ለምን አላለቀም?» (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ መብት በወረቀት ላይ ጸንቶ ባሕሩ ላይ ሳይታይ ሲቀር የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። አምስቱ ሕዝቦች በካናዳ መንግሥት ላይ ክስ የመሠረቱት በ2003 ነው። ዳኛ ኒኮል ጋርሰን በ2009 አምስቱ ሕዝቦች ዓሣ የማጥመድና የመሸጥ መብት እንዳላቸው ፈረዱ፤ ከመንግሥት ጋር እንዲደራደሩም ሁለት ዓመት ሰጡ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በ2011 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጂዮዳክ ከተባለው፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ከሚኖረው ባለ ሁለት ቅርፊት ትልቅ የባሕር ፍጥረት በስተቀር ውሳኔውን አጸና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 የመንግሥትን ይግባኝ አልሰማም ብሎ በሩን ዘጋ። ድርድሩ ፍሬ ስላላፈራ ሌላ ረጅም ክርክር ተጀመረ፤ በ2018 ዳኛ ሜሪ ሃምፍሪስ የመንግሥት ደንቦች መብቱን ያለ በቂ ምክንያት እንደሚጥሱ ወሰኑ።

በዚያው ውሳኔ ውስጥ ግን መብቱን የሚያጠብ ሐሳብ ነበረበት። ዓሣ ማጥመዱ አነስተኛ፣ የአካባቢ፣ ዋጋው ዝቅ ባለ ትንሽ ጀልባ የሚከናወንና የማጥመድ አቅሙ የተወሰነ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ሕዝቦቹ በዚህ ላይ ይግባኝ ጠየቁ፤ በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን አጥር አነሳው። አንዳንድ አንባቢዎች «ትንሽ ጀልባ እንፈልጋለን ይላሉ፣ ትንሽ ጀልባ ሲባሉ ደግሞ ይከሳሉ» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ እንደሚገባኝ ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የለም። ገበሬ ግማሽ ጋሻ መሬቱን በበሬ ለማረስ ሲመርጥ የራሱ ውሳኔ ነው። ሌላው መጥቶ «አንተ በበሬ ብቻ ታርሳለህ» ሲለው ግን ባለቤትነቱን ነጥቆታል።

ጥያቄ፦ «በዚህ ዘመን ትንሽ ጀልባ ኋላ ቀርነት አይደለም? አንድ ትልቅ መርከብ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ያወጣው የለም?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያወጣዋል። ያወጣና ወደ ከተማ ይዞት ይሄዳል፤ መንደሩ ደግሞ ባዶ ወደቡን ታቅፎ ይቀራል። የካናዳ መንግሥት በ1968 የሳልመን ፈቃድ ቁጥር መገደብ ጀመረ። በ1996 ደግሞ የማጥመጃውን ባሕር በክልል ከፋፍሎ፣ ከአንድ ክልል በላይ ለመሥራት የፈለገ ሁሉ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲገዛ አደረገ። ገንዘብ ያለው ገዛ፤ የሌለው ጀልባውን ሸጠ። ከየጠረፉ መንደር ፈቃዱ ሲወጣ ከፈቃዱ ጋር ሥራው፣ ከሥራው ጋር ልጁ ከአባቱ የሚማረው የባሕር ዕውቀት ወጣ። ብዙ ቤተሰብ በየወቅቱ ሳልመኑንም፣ ሃሊበቱንም፣ ክራቡንም እያፈራረቀ የሚሠራበት ትንሽ ጀልባ ግን ገቢውን በየደጁ ያከፋፍላል። ለእኔ ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ «በአትላንቲክ በኩል ነባሮቹ ሎብስተር (ሸርጣን መሰል የባሕር ፍጥረት) ያለ ወቅቱ ሲያጠምዱ አይተናል። ዘሩን አያጠፉትም?» (ከሃሊፋክስ)

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን ግን ይመልከቱ። ሚክማው ከሚባለው የአትላንቲክ ጠረፍ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዶናልድ ማርሻል ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ 463 ፓውንድ አጥምደው በ787 ዶላር ከ10 ሳንቲም በመሸጣቸው ተከሰው፣ በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ወጡ። መሠረቱ በ1760 እና በ1761 ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ፍርዱም «መጠነኛ መተዳደሪያ» የማግኘት መብትን አጸና። ያ መጠን ስንት እንደሆነ ሳይወሰን ከ20 ዓመት በላይ ሄደ። ከሚክማው አንዱ የሆነው የሲፐክነካቲክ ማኅበረሰብ በ2020 የራሱን ፈቃድ መስጠት ሲጀምር ለአንድ ጀልባ የመደበው 50 ወጥመድ ነበር። በዚያው ባሕር ያለ የንግድ ፈቃድ ደግሞ 375 ወጥመድ ይፈቅዳል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የሎብስተር ማከማቻ እስከ መቃጠል የደረሰውን ጠብ ሳስብ ያንገበግበኛል። ጥበቃን በተመለከተ ግን ያው ፍርድ ቤት መንግሥት ለዓሣው ህልውና ሲል በበቂ ምክንያት መቆጣጠር እንደሚችል አስረድቷል፤ ነባሮቹም ይህን አልካዱም።

ጥያቄ፦ «ሌላ አገርስ?» (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ በኒውዚላንድ ነባሮቹ ማኦሪዎች በ1992 በተደረገ ስምምነት ሲሎርድ ከተባለው ትልቅ የዓሣ ኩባንያ ግማሹን አገኙ። ብዙ ሀብት ነው። ሆኖም የኩባንያ ድርሻ ያለው ሕዝብ ሁሉ ጀልባ አለው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ «ይህ ሁሉ ለጣና ምን ይነግረናል?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሕጉ ሌላ ነው፣ ታሪኩም ሌላ፤ ሆኖም ደብዳቤዎን ሳነብ ነገደ ወይጦን አሰብኩ። በደንገል ታንኳ ዓሣ ማጥመድ የነባር ሙያቸው ነው። ባለሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ጣና ላይ የገቡት በ1980ዎቹ ነው። ታንኳ ከዳር አይርቅም፤ ባለሞተሩ ግን ዓሣው ለመራባት ወደሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ በክረምት ይደርሳል። ደንገሉም ዳርቻው እየታረሰ ሲሄድ ይመናመናል። ስለዚህ ስለ ካናዳ ከምጽፈው ይልቅ ከእርስዎ ብሰማ እመርጣለሁ፦ ዛሬ አንድ ታንኳ ለመሥራት የሚበቃ ደንገል ከየት ይመጣል? በስንት ይሸጣል? የታንኳው ዓሣ ወደብ ሲደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ከአጥማጆቹ ጠይቀው ቢጽፉልኝ የሚቀጥለውን ዓምድ ለዚያ እተወዋለሁ።