መልስ፦ የነቀልነው እምቦጭ ለምን ተመልሶ ይበቅላል?

ጣና ሐይቅ፣ ጎርጎራ ዳርቻ ላይ ነቅላችሁ የጨረሳችሁት እምቦጭ ተመልሶ የሚበቅለው ዘሩ ከሐይቁ ጭቃ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ያ ዘር እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስትነቅሉት ተቆርጦ የሚቀረውም ራሱን ችሎ ያቆጠቁጣል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ፦

1. ሐምራዊ አበባው ሳይወጣ ንቀሉ።
2. ቁርጥራጩን በመረብ ልቀሙ፤ በየሁለት ሳምንቱም ተመልሳችሁ እዩ።
3. የነቀላችሁትን የክረምት ሙላት ከማይደርስበት ቦታ ወስዳችሁ አድርቁ። ዳር ላይ ከተከመረ ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል፤ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ሲቀር ያንገበግባል።

«ጉልበት እያለን ምርምር ምን ይፈይዳል?» ላላችሁት፣ የቪክቶሪያ ሐይቅን ተመልከቱ። ኡጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እምቦጭ የሚበሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀው አረሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። ይህ የሆነው ግን ተመራማሪዎች ጢንዚዛዎቹ ሰብል እንደማይበሉ አስቀድመው ስለፈተሹ ነው። ማንም በራሱ ፈቃድ የሚሞክረው ነገር አይደለም።

አንድ ነገር አደራ፦ ደንገሉን፣ ማለትም ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ቄጠማ መሰል ተክል፣ አትንኩ። በዘመቻ ግርግር ከእምቦጩ ጋር አብሮ ሲታጨድ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የመገጭ ወንዝ ከጎንደር በኩል የሚያመጣው አፈርና ከደንቢያ ማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ የእምቦጩ ቀለብ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ሳይገባ የሚያስቀረው ደግሞ ደንገሉ ነው። ደንገል በሳሳበት ዳርቻ ችግኙን መልሳችሁ ትከሉ፤ እስኪጸድቅም ከብት አታስገቡበት።