ጠይቁን፦ የምኒልክ ኑዛዜ የውሸት ነበር እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከድሬ ከከዚራ ነው። እሁድ በርጫ ላይ ክርክር ተነሳና አንዱ ጓደኛዬ አጼ ምኒልክ ለልጅ ኢያሱ ያወረሱበት ኑዛዜ ቤተመንግስት ውስጥ የተፈበረከ ነው አለ፣ ጎረቤታችን ጋሼ በጣም ተቆጡ፣ አባቴ እርግማኑን እየፈሩ ነው የሞቱት አሉ። ኑዛዜው እውነት ከሆነ ታዲያ ዘውዱ እንዴት ለዘውዲቱ ሄደ?

መልስ፦ ጋሼ ልክ ናቸው አቦ። በጓዳ ተጽፎ የቀረ ወረቀት ቢሆን የጓደኛህ ጥርጣሬ ይገባኝ ነበር፣ ግን ምኒልክ ህመሙ ሲጠናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ብለው መረጡ፣ በአዋጅም አስነገሩ፣ ልጁ ገና ትንሽ ስለነበር ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አደረጉለት፣ መኳንንቱም ማሉ። እምቢ ያለ ጥቁር ውሻ ይውለድ የሚለው የጋሼ አባት የፈሩት እርግማን የዛ አዋጅ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከዛ በኋላ ነው። ራስ ተሰማ በ1903 ሞቱ፣ ምኒልክ ታህሳስ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ደግሞ ሞታቸው ተደበቀ፣ ያን የሚያክል ንጉስ በወጉ ሳይለቀስላቸው ቀረ፣ ኢያሱም አገሩን እየገዛ ዘውድ ሳይጭን ቀረ፣ እስከዛሬ ልጅ ኢያሱ የምንለው ለዚህ ነው።

ወደኛው አገር ስንመጣ፣ በ1908 ክረምት ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር አንስቶ ከፋ ሾመው። ኢያሱ ራሱ እዚሁ ሐረር እያለ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሻሩት። ጓደኛህ እዚች ጋ ያስብበት፦ ያን ቀን ሰዉን የጨነቀው መሀላው ነበር፣ ምለናል እንዴት እናፍርስ ነው፣ እና አቡነ ማቴዎስ ከመሀላው ፈቷቸው። ኑዛዜው የውሸት ቢሆን ማን ከመሀላ ፍቱኝ ይላል?

ለመሻሩ የተሰጠው ምክንያት ሰልሟል የሚል ነው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ሌጋሲዮኖችም (ኤምባሲ እንደማለት ነው) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ቱርክና ጀርመን ስላዘነበለ አልወደዱትም። እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከሐረርና ከሱማሌ ሙስሊሞች ጋር መቀራረቡ እንደ ወንጀል መቆጠሩ ነው፣ እኛ እዚህ ጎረቤት ሆነን ቡና የምንጠራራ ሰዎች ይሄን ስናነብ ያመናል።

ከዛ ዘውዲቱ ነገሱ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ፣ የኢያሱ አባት ንጉስ ሚካኤልም ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ኢያሱ አፋር በረሃ ገብቶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ በ1913 ተያዘ፣ ፍቼ ታሰረ፣ በ1924 አመለጠና እንደገና ሲያዝ ያመጡት ወደኛው ሐረርጌ ነው፣ ጋራ ሙለታ። ህዳር 1928 ሞተ። ከሐረር በስተምዕራብ ያለውን ያን ተራራ ስንቶቻችን ነን የእስር ቤቱ መሆኑን የምናውቅ?

አንድ ነገር አደራ፣ ጋሼን ይቅርታ ጠይቁልንና አባታቸው ስለዛ ዘመን የነገሯቸውን በስልክህ ቅዳልን፣ ሳይረሱት።